አንድ ጋሻ ተኩል መሬት፦ የሆምስቴድ አዋጅ በሚዛን ላይ

ሜይ 20 ቀን 1862 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የሆምስቴድ አዋጅ የተባለውን ሕግ ፈረሙ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሕጉ ዕድሜው 21 ለሞላ ወይም ቤተሰብ ለሚያስተዳድር፣ በመንግሥት ላይ ነፍጥ ላላነሣ ሰው 160 ኤከር የመንግሥት መሬት ይሰጣል። ዜግነት ለማግኘት ማመልከቻ ያስገባ ስደተኛም አይከለከልም። መጠኑ በእኛ የቀድሞ ልኬት ከአንድ ጋሻ ተኩል ትንሽ ከፍ ይላል። ሰፋሪው ጥቂት ዶላር ለመዝገብ ከፍሎ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ አምስት ዓመት ከኖረበትና ካረሰው ርስቱ ይሆንለታል። አዋጁ እስከ 1976፣ በአላስካ ደግሞ እስከ 1986 ጸንቶ ቆይቷል። በዚህ ዘመን ውስጥ 1.6 ሚሊዮን ያህል የባለቤትነት ማረጋገጫ ተሰጥቶ 270 ሚሊዮን ኤከር ተከፋፍሏል። ይህ የመላዋን ኢትዮጵያ ስፋት ለማከል ጥቂት ብቻ የሚቀረው መሬት ነው።

በዚህ ሕግ ላይ የሚከራከሩት ሁለት ወገኖች ናቸው። አንደኛው ድሃውን ባለርስት ያደረገ ታላቅ ድልድል ነበር ይላል። ሌላው የነባሮቹን ሕዝቦች መሬት መንጠቂያ መሣሪያ ይለዋል። ሁለቱም የሚያቀርቡት ማስረጃ የተጣራ ስለሆነ፣ ክርክሩን ለመዳኘት የእያንዳንዱን ቃል እስከ መጨረሻው መስማት ግድ ይላል።

የደጋፊዎቹ የመጀመሪያ ነጥብ ሕጉን ማን ይቃወመው እንደነበር ነው። ተመሳሳይ ረቂቅ በ1860 ኮንግረሱን ቢያልፍም ፕሬዚዳንት ቡካናን ሳያጸድቁት ቀሩ። የደቡብ ባሪያ አሳዳሪዎች ምዕራቡ በራሳቸው ጉልበት በሚያርሱ ገበሬዎች ከተያዘ የባርነት ሥርዓት መስፋፊያ እንደሚያጣ ያውቁ ነበር። አዋጁ የጸደቀው ደቡቦቹ ተገንጥለው ወንበራቸውን ለቀው ከወጡ በኋላ ነው። እንግዲህ ሰፊው ሜዳ ለትልልቅ የባሪያ እርሻዎች ሳይሆን ለአነስተኛ ገበሬ እንዲሆን የተደረገ ምርጫ ነበር ማለት ነው።

ተጠቃሚዎቹም ቢሆኑ የተመቻቸው አልነበሩም። በአገራቸው መሬት ያጠራቸው ኖርዌጃውያን፣ ስዊድናውያን፣ ጀርመኖችና ቼኮች ባሕር ተሻግረው መጡ። ላላገባች፣ ባሏ ለሞተባትና ለተፋታች ሴትም በራሷ ስም መሬት ማስመዝገብ ተፈቀደላት፤ በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የባርነት ሰንሰለት የተፈታላቸው ጥቁሮች በ1877 ካንሳስ ውስጥ ኒቆዲሞስ የተባለችውን ከተማ መሠረቱ። እንጨት በሌለበት ሜዳ የሣሩን አፈር እንደ ጡብ እየቆረጡ ቤት ሠሩ፣ ኩበት አነደዱ። በ1874 የአንበጣ መንጋ መጥቶ ያለሙትን ጠራርጎ በላባቸው። ይህን ሁሉ ችሎ አምስቱን ዓመት የጨረሰ ሰው ደብተሩን በላቡ አገኘው ቢባል አይበዛበትም።

ሕጉ ያሰበለትን ድሃ ምን ያህል ጠቀመ የሚለው ጥያቄ ግን እዚህ ላይ አይዘጋም። የፌዴራሉ መንግሥት በዚያው ዘመን ለባቡር ኩባንያዎች 130 ሚሊዮን ኤከር ያህል ሰጥቷል፤ ከሐዲዱ አጠገብ ያለውን ጥሩ መሬት የፈለገ ገበሬ ከኩባንያው መግዛት ነበረበት። ጆን ዌስሊ ፓወል የተባለው አሳሽም በ1878 ባቀረበው ሪፖርት ከመቶኛው ኬንትሮስ ወዲያ ዝናቡ አነስተኛ ስለሆነ 160 ኤከር ቤተሰብ እንደማያኖር አስጠንቅቋል። ኮንግረስ መጠኑን በ1909 ወደ 320፣ በ1916 ደግሞ ለከብት አርቢዎች ወደ 640 ኤከር ያሳደገው ከብዙ ኪሳራ በኋላ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ለረጅም ጊዜ አብዛኛው ሰፋሪ ከስሮ እንደተመለሰ፣ ትርፉንም በሰው ስም የሚያስመዘግቡ የመሬት ነጋዴዎች እንደበሉት ሲያስተምሩ ኖረዋል። በቅርቡ የመሬት መዝገቦችን አንድ በአንድ የመረመሩ ተመራማሪዎች ግን የተሳካለት ሰው ከተባለው የበዛ፣ ማጭበርበሩም ከተባለው ያነሰ ነበር ይላሉ። በዚህ ነጥብ ላይ ሚዛኑ ወደ አዋጁ ደጋፊዎች እያደላ ነው።

የሌላኛው ወገን ክስ የሚነሣው ከዚህ ሁሉ በፊት ነው፤ መሬቱ «የመንግሥት» የሆነው እንዴት ነው? ብሎ ይጠይቃል። ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሚኒሶታ ለዚህ ምስክር ናት። የዳኮታ ሕዝብ በ1851 በተፈረሙ ውሎች ሰፊ መሬት ለቅቆ በምትኩ በየዓመቱ ክፍያ ሊሰጠው ተስማምቶ ነበር። በ1862 ክረምት ክፍያው ዘገየ፣ ረሃብም ገባ። ዳኮታዎች ተነሥተው ሴትና ሕፃን ሳይለዩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰፋሪዎችን ገደሉ። ጦሩ አመፁን ካዳፈነ በኋላ ወታደራዊ ችሎት በ303 ሰዎች ላይ ሞት ፈረደ፤ ሊንከን መዝገቡን አይተው የብዙዎቹን ፍርድ ቀነሱ። ዲሴምበር 26 ቀን 38 ዳኮታዎች በማንካቶ ከተማ ባንድ ጊዜ ተሰቀሉ። የሆምስቴድ አዋጅ ሥራ ላይ የዋለው ከዚያ በስድስተኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ነው። በዚያው ዓመት ኮንግረስ ውሎቹን ሰርዞ ዳኮታዎችን ከሚኒሶታ አስወጣ።

የሌላው ነባር ሕዝብ፣ የላኮታዎች ጉዳይ ደግሞ በወረቀት የበለጠ የተጣራ ነው። በ1868 በፎርት ላራሚ የተፈረመው ውል ብላክ ሂልስ የተባሉትን ተራሮች ለእነርሱ ከለለ፤ ከአዋቂ ወንዶቻቸው ሦስት አራተኛው ካልፈረመ ምንም መሬት እንደማይወሰድም ደነገገ። በ1874 ኩስተር በተባለ መኮንን የተመራው የመንግሥት ጦር ወርቅ መኖሩን ሲያረጋግጥ ቆፋሪው ጎረፈ፤ በ1877 ኮንግረስ የሚፈለገው ፊርማ ሳይሟላ ተራሮቹን ወሰደ።

ከሁሉ በላይ የሚከብደው የ1887ቱ የዶውዝ አዋጅ ነው። ይህ ሕግ የነባሮቹን የወል መሬት ሸንሽኖ ለየቤተሰቡ ኃላፊ 160 ኤከር እንዲሰጥ፣ የተረፈው ለሰፋሪ እንዲከፈት አዘዘ። ለኖርዌጃዊው ስደተኛ በረከት የሆነው ያው 160 ኤከር ለነባሩ መቆራረሻ ሆነ። በነባሮቹ እጅ የነበረው መሬት በ1887 ወደ 138 ሚሊዮን ኤከር ይጠጋ ነበር፤ በ1934 የቀረው 48 ሚሊዮን ገደማ ነው።

አዋጁን የሚደግፉት ለዚህ ክስ ሦስት መልስ አላቸው። አንደኛ፣ ሕጉ ባይወጣም ሰው ወደ ምዕራብ መጉረፉ አይቀርም ነበር ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ የኦሪገን መንገድም ሆነ የካሊፎርኒያ ወርቅ ከአዋጁ ይቀድማሉ። ነገር ግን ሰው መምጣቱ አይቀርም ማለት የተፈረመ ውል መፍረሱ አይቀርም ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ላኮታዎችም ብላክ ሂልስን የያዙት ሌሎች ነባር ሕዝቦችን ገፍተው ነው ይላሉ። ይህም ሐሰት አይደለም። ሆኖም አሜሪካ በ1868 ስትፈርም ባለቤታቸው እነማን እንደሆኑ አውቃና አምና ነው፤ ቃሏን የሚያስርም ይኸው ፊርማዋ ነው።

ሦስተኛው መልስ ግን ክብደት አለው፤ ሰፋሪው ራሱ ምን አጠፋ? ይላል። ከመጀመሪያዎቹ አመልካቾች አንዱ የነበረው ዳንኤል ፍሪማን በነብራስካ፣ ቢያትሪስ አጠገብ መሬት ሲያስመዘግብ የአካባቢው ነባሮች የሆኑት ኦቶ-ሚዙሪያዎች አብዛኛውን ምድራቸውን በ1854 ውል አስረክበው ነበር። እሱ ማንንም በጦር አላስነሣም፤ መንግሥት «የእኔ ነው» ብሎ ያቀረበለትን ወሰደ እንጂ። ለኦቶ-ሚዙሪያዎች የቀረችላቸው ቁራጭ ግን ሰፋሪው ሲከባት አልበረከተችም፤ በ1881 ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ምድር ተዛወሩ። ስለዚህ ሰፋሪው ከደሙ ንጹሕ ነው ባይባልም፣ በመንግሥትና በእሱ ላይ የሚወርደው ፍርድ እኩል ሊሆን አይገባም።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። የሰፋሪው ድካም እውነተኛ ነበር፤ የልጅ ልጆቹ ቢኮሩበት አያሳፍራቸውም። የመንግሥት ቸርነት ግን የሰው ወርቅ አያደምቅ እንደሚባለው ነው፤ በሌላው ንብረት የተደረገ ልግስና እንደ ልግስና አይቆጠርም። የአንዱ ላብ የሌላውን ዕዳ አይከፍልም፤ የአንዱ ዕዳም የሌላውን ላብ አያረክስም።

ዕዳውን መክፈል ሰፋሪዎችን ያፈናቅላል የሚለው ስጋትም ብዙ ቦታ ላይ መሠረት የለውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1980 ብላክ ሂልስ ያለ ተገቢ ካሣ እንደተወሰደ ወስኖ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈል ፈረደ፤ ላኮታዎች ግን የምንፈልገው መሬቱን ነው ብለው ገንዘቡን እስከ ዛሬ አልነኩትም። ከተራሮቹ ሰፊው ክፍል ዛሬም የፌዴራል መንግሥት ደን ነው፤ እሱን ለመመለስ ማንንም ገበሬ ከእርሻው ማስነሣት አያስፈልግም። ይህ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1970 ኮንግረስ በኒው ሜክሲኮ የሚገኘውን ብሉ ሌክንና በዙሪያው ያለውን 48,000 ኤከር ለታኦስ ፑዌብሎ ሕዝብ መልሷል፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰንም ፈርመውበታል።