ሕንፃው በኮምፒውተር ተመዝግቧል፤ ውስጡ ያላችሁት እናንተስ?

ሰኔ 5 ቀን 2016 (በፈረንጆቹ ጁን 12፣ 2024) ንጋት ላይ፣ ኩዌት ውስጥ መንገፍ በሚባል ሰፈር ሠራተኞች የሚኖሩበት ሕንፃ ተቃጠለ። ወደ 50 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ሕንዳውያን ነበሩ። እሳቱ የተነሳው ከምድር ቤት ነው። ብዙዎቹ ተኝተው ሳለ ጭሱ ቀደማቸው።

ያን አደጋ ዛሬ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። በምንኖርባቸው አገሮች ሕንፃዎች "ስማርት" እየሆኑ ነው ሲባል እንሰማለን። የሕንፃው መረጃ በሙሉ በኮምፒውተር ይቀመጣል፤ መሐንዲሱም፣ ማዘጋጃ ቤቱም፣ እሳት አደጋውም ያዩታል ይባላል። ጥሩ ነገር ነው። ጥያቄያችን ግን አንድ ነው፦ እዚያ መረጃ ውስጥ የቤት ሠራተኛዋ አለች ወይ?

ነገሩ ምንድን ነው?

ድሮ የሕንፃ ፕላን ወረቀት ነበር። መሐንዲሱ አንድ ወረቀት፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሌላ፣ የቧንቧው ሰው ደግሞ ሌላ ይይዛል። ግንባታው ሲያልቅ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። አሁን ባለሙያዎቹ "ቢም" በሚሉት አሠራር፣ ሕንፃው መሬት ላይ ሳይቆም በፊት ኮምፒውተር ላይ ሙሉውን ይሳላል። እያንዳንዱ በር፣ ግድግዳ፣ ሽቦና ደረጃ ስፋቱና የተሠራበት ዕቃ ይመዘገባል። ሁሉም ያንኑ አንድ ሰነድ በኢንተርኔት ይጋራሉ፤ አንዱ ሲቀይር ሌላው ያያል።

የዱባይ ማዘጋጃ ቤት ይህን በ2014 ከ40 ፎቅ በላይ ለሆኑና ለሌሎች ትልልቅ ሕንፃዎች ግዴታ አደረገ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በፈረንጆቹ ናቸው)። በ2015 ደግሞ ከ20 ፎቅ በላይ ያሉትንም ጨመረ። ኤምሬትስ "ሐሰንቱክ" የሚባል ሥርዓትም አላት። የጭስ ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ መልእክቱ በቀጥታ ወደ መቆጣጠሪያ ማዕከል ይሄዳል። ቪላዎችም እንዲያስገጥሙ ታዟል።

መረጃው ለምን ሕይወት ያድናል?

በ2017 ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የተባለው የመኖሪያ ፎቅ ተቃጥሎ 72 ሰው ሞተ። አጣሪዎቹ ካገኟቸው ጥፋቶች አንዱ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሕንፃው ትክክለኛ ፕላን በእጃቸው አለመኖሩ ነው። በጭስ በተሞላ ደረጃ የሚወጣ ሰው የትኛው በር ወዴት እንደሚወስድ ካላወቀ ደቂቃዎች ያልፉበታል። እንግሊዝ በ2022 ባወጣችው ሕግ የረጃጅም መኖሪያ ሕንፃዎች መረጃ በዲጂታል እንዲያዝና በየጊዜው እንዲታደስ አዘዘች። ስሙንም "ወርቃማው ክር" አሉት። ሕጉ ነዋሪዎችም ስለሚኖሩበት ሕንፃ ደኅንነት እንዲጠይቁና እንዲነገራቸው መብት ሰጥቷል።

የእኛ ክፍተት የት ላይ ነው?

አንደኛ፣ ግዴታው የሚይዘው አዲሱንና ትልቁን ሕንፃ ነው። ብዙዎቻችን ያለነው በአሮጌ ፎቅና በቪላ ውስጥ ነው።

ሁለተኛ፣ የተሳለውና የሚኖርበት ቤት አንድ አይደለም። ፕላኑ ላይ "ዕቃ ቤት" የተባለችው ክፍል ዛሬ የሠራተኛዋ መኝታ ልትሆን ትችላለች። መስኮቱ ላይ በኋላ ብረት ተበይዶበት ይሆናል። ኮምፒውተሩ በር አለ ይላል፤ በሩ ከውጭ እንደተቆለፈ ግን አያውቅም።

ሦስተኛ፣ መረጃውን የሚጋሩት ባለቤቱ፣ ድርጅቱና መንግሥት ናቸው። የቤት ሠራተኛዋ የኪራይ ውሉ ላይ ስሟ የለም። የኤምሬትስ የ2022 የቤት ሠራተኞች ሕግ አሠሪው ተስማሚ መኖሪያ እንዲሰጥ ያዝዛል። ነገር ግን ክፍሏን ገብቶ የሚያይ ሰው ከሌለ "ተስማሚ" የሚለው ቃል ወረቀት ላይ ይቀራል።

አንድ ሐቅ ደግሞ አንደብቅ። ከአሠሪያቸው ወጥተው ተደብቀው የሚሠሩ እህቶች አሉ። ለእነሱ "እዚህ ሕንፃ ውስጥ ስንት ሰው አለ?" የሚል ጥያቄ ከእሳቱ እኩል ያስፈራል። መቁጠር ለማባረር ብቻ ከሆነ ሰው ይደበቃል፤ የተደበቀን ሰው ደግሞ የሚያድነው የለም። ስለዚህ የሕንፃ መረጃ ሥራ የቱንም ያህል ቢዘምን፣ የደኅንነት ቆጠራና የኢቃማ ፍተሻ ካልተለያዩ ግማሽ ሥራ ነው።

እስከዚያው ምን እናድርግ?

• አድራሻችሁን እወቁ። ዱባይ ውስጥ በሕንፃው መግቢያ ላይ "መካኒ" የሚባል ባለ 10 አኃዝ ቁጥር አለ። ኳታር ውስጥ ሰማያዊው ሰሌዳ የዞን፣ የመንገድና የሕንፃ ቁጥር ይዟል። የሳዑዲ አጭሩ ብሔራዊ አድራሻ 4 ፊደልና 4 ቁጥር ነው። ፎቶ አንሱት፤ ፎቁንና የክፍላችሁን ቦታ ጨምራችሁ ለምታምኑት ሰው ላኩ።

• ቆሻሻ ልትጥሉ ስትወጡ ደረጃውን ፈልጉ። እሳት ሲነሳ አሳንሰር አይገባም።

• ቤቱ የሚቆለፍባችሁ ከሆነ በልጆቹ በኩል አንሱት፦ "ማዳም፣ እናንተ በሌላችሁበት እሳት ቢነሳ ልጆቹን በየት ላውጣ? ቁልፉ የት ነው?" ለእናንተ የማይራራ ሰው እንኳ ለልጁ ይሰማል።

• ጭስ ካለ ዝቅ ብላችሁ ሂዱ። በሩ በእጅ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ አትክፈቱት። መውጣት ካልቻላችሁ በሩን ዝጉ፣ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ወትፉ፣ በመስኮት ልብስ እያውለበለባችሁ ጩኹ።

• ደውሉ። ኤምሬትስ 997፤ ሳዑዲ 998 (ሪያድ፣ መካ፣ መዲናና ምሥራቁ ክልል 911)፤ ኩዌት 112፤ ኳታርና ባሕሬን 999፤ ኦማን 9999፤ ሊባኖስ 175 ወይም 125፤ ዮርዳኖስ 911። "ሀሪቅ" ማለት እሳት ነው። መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ አድራሻውን ተናገሩ።

ሕንፃውን የሚመዘግቡት ሰዎች እናንተን እስኪመዘግቡ ድረስ፣ ያላችሁበትን የሚያውቅ ቢያንስ አንድ ሰው ይኑራችሁ። ዛሬ ማታ ያን ፎቶ ላኩ።