«ዛሬ ቀርቷል»፦ ስራ ሲሰረዝ ኪሳራው ለምን የባንዱ ብቻ ይሆናል?

ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ቴሌግራም ላይ አጭር መልእክት ይገባል። የዛሬው ቀርቷል፣ በሌላ ቀን እናካክሳለን የሚል። ማታ 3 ሰዓት ላይ መድረክ ሊወጣ የነበረው ባንድ ኪቦርዱን ጠቅልሎ፣ የጫነውን ድራም አውርዶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አዲስ አበባ ውስጥ በክለብ፣ በላውንጅ ወይም በሆቴል የሚጫወት ጓደኛ ያላችሁ ሰዎች ይሄን ነገር ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል።

ስራ መሰረዝ በየትኛውም ሀገር ያለ ነው። እኛ ዛሬ የምናነሳው ጥያቄ ግን ይሄ ነው፦ ስራ ሲሰረዝ ሂሳቡን የሚከፍለው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አንድ ነው። ባንዱ።

ሂሳቡን እንስራው

እንበልና 6 ልጆች ያሉበት ባንድ ለአንድ አርብ ማታ በ18,000 ብር ተስማማ። ለሁለት ቀን ልምምድ የቤት ኪራይ 3,000፣ ዕቃ ለሚጭን መኪና 2,000፣ ለጊታር ክር፣ ለባትሪና ለፖስተር 1,000 ብር ያወጣል። ስራው ከተሰራ የሚተርፈው 12,000 ነው፤ ለአንድ ሰው 2,000 ብር ይደርሳል።

አሁን ደግሞ መኪናው ሳይነሳ ስራው ተሰረዘ እንበል። የልምምዱና የፖስተሩ 4,000 ብር ወጥቷል፣ አይመለስም። በሚቀጥለው ስራ የሁለት ልጆች ድርሻ በቀጥታ ተበላ ማለት ነው። ለዚያው አርብ ከሌላ ቤት መጥቶ «ተይዘናል» ብለው የመለሱት ስራ ካለ ደግሞ እሱም ቀረ።

ቤቱስ? ዲጄ ያስገባል፣ በሩ ክፍት ነው፣ ቢራው ይሸጣል። ደንበኛው ትንሽ ቅር ሊለው ይችላል እንጂ ቤቱ ለባንዱ የሚከፍለው ነገር የለም። መሰረዝ እንዲህ በነፃ ከሆነ ደግሞ ለምን አይሰርዝ?

ስራ በምን በምን ይሰረዛል?

የሚሰረዝበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ጆንያ መክተት ግን ትክክል አይመስለንም።

አንደኛው የቤቱ የራሱ ውሳኔ ነው። ዛሬ ሰው አልገባም፣ የተሻለ የሚከፍል ፕሮግራም መጣ፣ የሠርግ መልስ ቤቱን ያዘው፣ ባለቤቱ ሌላ ባንድ ወደደ። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር አለመነሳቱም እዚሁ ይመደባል። በከተማችን መብራት እንደሚጠፋ ሁላችንም እናውቃለን፤ ባለቤቱም ያውቃል።

ሁለተኛው የቀን መቁጠሪያው ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ቤቶች ባንድ ያቆማሉ ወይም ይቀንሳሉ፣ ሙዚቀኛውም ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ገቢው ይደርቃል። ከዚያ ፋሲካ፣ እንቁጣጣሽና ገና ሲመጡ ሁሉም ቤት በአንድ ሌሊት ባንድ ይፈልጋል። የዓመቱ ገቢ በጥቂት ሌሊቶች ላይ ስለሚንጠለጠል፣ አንድ የበዓል ዋዜማ ስራ ሲሰረዝ ጉዳቱ እንደ ተራ አርብ አይደለም።

ሦስተኛው የመንግስት ውሳኔ ነው። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. መጨረሻ ሂልተን ሊካሄድ የነበረው የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» አልበም ምርቃት ፈቃድ የለውም ተብሎ በዕለቱ ቆሟል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ የምሽት ክለቦች ተዘጉ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በሀገሪቱ ታላቅ ስም ያለው ዘፋኝ ፕሮግራም በዕለቱ ከቆመ፣ ስሙ ገና ያልታወቀ ባንድ ምን ዋስትና አለው?

አራተኛው ቤቱ ራሱ መጥፋቱ ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ላይ የተነሳው እሳት ጃዛምባን አወደመው፤ ቋሚ የጃዝ መድረክ በአንድ ቀን አመድ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርስ የመላኩ በላይ ፈንድቃ ከነበረበት ቦታ ተነሳ። እንዲህ ያሉ ቤቶች ሲጠፉ አዝማሪው፣ ጃዙም፣ ገና የጀመረው ባንድም በየሳምንቱ የሚቆምበት ቦታ ያጣል። የቀሩት ቤቶች ተፈላጊነት ይጨምራል፣ የባንዱ የመደራደር አቅም ደግሞ ይወርዳል።

የቤት ባለቤቶችም የሚሉት አላቸው። ኪራይ በየጊዜው ይጨምራል፣ የጀነሬተር ነዳጅ ውድ ነው፣ ሰው ሲያልቅበት መጀመሪያ የሚቀንሰው መዝናኛውን ነው። ይሄ እውነት ነው። ግን ስጋቱ የሁለቱ ከሆነ ኪሳራውም የሁለቱ መሆን አለበት። አሁን የሚሆነው ባለቤቱ ስጋቱን በአንድ የቴሌግራም መልእክት ወደ ባንዱ ማዛወር ነው።

ድሮስ እንዴት ነበር?

በንጉሡ ዘመን ታላላቆቹ ኦርኬስትራዎች የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የምድር ጦር፣ የሀገር ፍቅር ነበሩ። ሙዚቀኛው የወር ደመወዝተኛ ነበር። ነፃነቱ ውስን ነበር፣ ደመወዙም ብዙ አልነበረም፤ አንድ ምሽት ዝግጅት ቢቀር ግን ልጆቹ ጦማቸውን አያድሩም።

ከዚያ የግል ባንዶች መጡ። አይቤክስ ራስ ሆቴል፣ ዋልያስ ሂልተን እየተጫወቱ ለዓመታት ቆዩ። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር ማታ የገባ ታዳሚ እስኪነጋ እዚያው የሚያድርበት ጊዜ ነበር፣ ባንዱም አብሮ ያነጋል። አስቸጋሪ ዘመን ነበር። ሆኖም በአንድ ሆቴል ለረጅም ጊዜ ተቀጥሮ የሚሰራ ባንድ የሚቀጥለው ሳምንት ስራው የት እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ከዋልያስ ታሪክ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያን ጊዜ በብዙ ክለቦች መሳሪያው የባለቤቱ ነበር፤ ባለቤቱ ውጣ ካለ ሙዚቀኛው ባዶ እጁን ነው የሚወጣው። የዋልያስ ልጆች የራሳቸውን መሳሪያ ገዙ። ያኔ ከአንዱ ቤት ባይስማሙ ወደ ሌላው ይዘው መሄድ ቻሉ። የመደራደር አቅማቸው የመጣው ከዝናቸው ብቻ አልነበረም፤ ከመሳሪያውም ጭምር ነበር።

ዛሬ ብዙ ባንድ የራሱ መሳሪያ አለው። የጎደለው ወረቀት ነው። ካሴቱም ሲዲውም ገበያው ስለሞተ መድረክ ዋናው እንጀራ ሆኗል፤ ይህ እንጀራ ደግሞ «እሺ ወንድሜ፣ አርብ እንገናኝ» በሚል ቃል ላይ ቆሟል።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ልጆች «ወረቀት ስለሌለን መብት የለንም» ይላሉ። ትክክል አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት በጠቅላላው የቃል ውልም ውል ነው፤ ችግሩ ሲካካድ ማስረዳቱ ላይ ነው። ስለዚህ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዋጋውን የያዘ የቴሌግራም ንግግር እንዳታጠፉት።

ከሁሉም የሚጠቅመው ግን እናቶቻችንም ቤት ሲከራዩ የሚያውቁት ነገር ነው፦ ቀብድ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1883 ቀብድ መሰጠቱን ውል ለመኖሩ ማስረጃ ያደርገዋል። አንቀጽ 1885 ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ሲያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ወገን ሲያፈርስ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ይሄ ባንዱንም ያስራል። 5,000 ብር ቀብድ ተቀብላችሁ የተሻለ ስራ መጣ ብላችሁ ብትቀሩ 10,000 መመለስ ሊመጣ ነው። ፍትሐዊ ነው።

አንቀጽ 1889 ደግሞ ውሉ ሳይፈጸም ቢቀር የሚከፈለውን ካሳ ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው መወሰን እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ለምሳሌ ከ48 ሰዓት በፊት ከተሰረዘ ይሄን ያህል፣ በዕለቱ ከተሰረዘ ግማሹ፣ ሳውንድ ቼክ ካለቀ በኋላ ከሆነ ሙሉው ተብሎ መጻፍ ይቻላል።

«ከአቅም በላይ ነው» የሚለውን ቃል ደግሞ እንጠንቀቅ። በሕጉ ከአቅም በላይ የሚባለው በተለምዶ ሊታሰብ የማይችልና ውሉን መፈጸም ፈጽሞ የሚከለክል ነገር ነው። የመንግስት ክልከላ እዚያ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሰው አልገባም ማለት ግን አይገባም። ሁዳዴ ደግሞ በየዓመቱ ይመጣል፣ ማንንም አይደብቅም። ፈቃድ የማውጣት ሥራ የማን እንደሆነም በውሉ ላይ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ፖሊስ በር ላይ ሲቆም ሁለቱም ጣት መቀሰር ነው።

ፍርድ ቤት ለ18,000 ብር መመላለስ እንደማያዋጣ እኛም ይገባናል። የቀብድ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ ብሩ አስቀድሞ በቴሌብር ገብቷልና ክስ መመስረት ያለበት ባንዱ አይሆንም።

ታዲያ ለምን አይጠየቅም?

ፍርሃት ነው። «ቀብድ ካልክ ሌላ ባንድ ሞልቷል» የሚባለው እውነት ነው፣ ሞልቷል። አንድ ባንድ ብቻውን ቢጠይቅ ይቀየራል። በአንድ ሰፈር የሚሰሩ አምስት ስድስት ባንዶች ተነጋግረው ሁሉም 30 በመቶ ቀብድ ቢጠይቁ ግን ባለቤቱ የት ይሄዳል? ለዚህ ትልቅ ማህበር እስኪቋቋም መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ገጽ የጋራ ውልና አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ለመጀመር ይበቃል። የትኛው ቤት በሰዓቱ ይከፍላል፣ የትኛው ደጋግሞ ይሰርዛል የሚለውን መረጃ እዚያው መለዋወጥ ይቻላል።

ጥሩ ቤቶችም ከዚህ ያተርፋሉ። ባንዱ እንደማይቀርበት ያወቀ ባለቤት ፖስተሩን በልበ ሙሉነት ይለጥፋል። ታዳሚውም ታክሲ ከፍሎ መጥቶ በር ላይ «ዛሬ ባንድ የለም» አይባልም።

ይሄ ነገር እንዲሁ ከቀጠለ የሚጎዳው የሙዚቀኛው ኪስ ብቻ አይደለም። አዲስ ዜማ ለመስራት ልምምድ ይጠይቃል፣ ልምምድ ደግሞ ገንዘብ ነው። በልምምድ ያወጣው ብር እንደማይመለስ ያወቀ ባንድ አዲስ ነገር አይሞክርም። ሁሉም የሚያውቃቸውን አሮጌ ዘፈኖች ይደግማል፣ ቀስ በቀስም ከስድስት ሰው ወደ አንድ ኪቦርድና አንድ ዘፋኝ ይወርዳል። «አዲስ ባንድ ጠፋ» እያልን የምናማርር ሰዎች ይሄንንም ብናስበው ጥሩ ነው።

ባንድ ውስጥ ያለ ጓደኛ ካላችሁ ይሄን ላኩለት። ለሚቀጥለው አርብ ስራ ሲደወልለት ከዋጋው ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ ቀብዱ መቼ ይገባል?