ስለ ነጋዴ ዕረፍትና ስለ ማረፊያ ሥፍራ ምርጫ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ከነደመወዙ 16 የሥራ ቀን ዕረፍት ያገኛል፤ ከዚያም በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ለነጋዴው ለራሱ ግን እንዲህ ያለ ዕረፍት የሚደነግግለት ሕግ የለም። ከፉሪ እስከ ሰበታ ባሉት መጋዘኖችና ሱቆች ባለቤቶች መካከል ከመስከረም እስከ ጳጉሜን አንዲት ሳምንት ሙሉ ከሥራው ተለይቶ ያረፈ ሰው ቢፈለግ በቀላሉ አይገኝም። ወገቡ ሲታመም ማስታገሻ ይውጣል፤ እንቅልፍ ሲያጣ በማግስቱ ቡና ይጨምራል፤ የደም ግፊቱ መነሣቱንም የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሐኪም ቤት ከገባ በኋላ ነው። እርሱ ሲተኛ ደግሞ በባንክ የሚታወቀው ፊርማ የእርሱ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሰነዱ በባንክ፣ ዕቃውም በሞጆ ደረቅ ወደብ ይቆያል፤ የመጋዘኑ ኪራይ ግን አይቆምም።

በእርግጥ በቅርብ ዓመታት ዕረፍት አስፈላጊ መሆኑን የተረዱ ነጋዴዎች ቁጥራቸው እየበዛ ሄዷል። ሪዞርት፣ ሎጅና ስፓ የተባሉ ቤቶችም በየአቅጣጫው ተከፍተዋል። ነገር ግን ምርጫው የሚደረገው ለሰውነት በሚስማማው ሳይሆን በስሙ ታላቅነትና «እገሌም እዚያ ነበር» በመባል ነው። ቅዳሜ ወደ ቢሾፍቱ የሚወርደው አስመጪ በሐይቁ ዳር የሚያገኘው ያንኑ ሰኞ በቢሮው የሚጠብቀውን ደንበኛ ነው፤ ክትፎው ይቀርባል፣ ውስኪው ይከፈታል፣ የዶላሩ ነገር ይነሣል፤ እሑድ ማታ ከሄደበት ጊዜ ይልቅ ደክሞ ይመለሳል። ይህን ግብዣ ቢሉት መልካም ነው፤ ዕረፍት ግን አይደለም። ቢሾፍቱ ራሷ ምንም ጥፋት የለባትም፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከቤተሰቡ ጋር ብቻ ለሚሄድ ሰው ጸጥታዋ የታወቀ ነው።

አገራችን በዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። አዲስ አበባ እራስዋ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው የፍል ውሃውን ሙቀት ስለ ወደዱ መሆኑ ይታወቃል፤ ይህም በ1879 ዓ.ም. ነው። ፍል ውሃ ዛሬም በከተማው መካከል አለ። ሰባት ቀን ሊያርፍ የማይችል ባለሱቅ በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ገብቶ ቢታጠብ፣ ከሩቅ ሪዞርት የማያገኘውን ጥቅም በጥቂት ገንዘብ ያገኛል።

ለፉሪ ሰው የሚመቸው ግን ወሊሶ ነው። የጅማው መንገድ በሰበታና በቱሉ ቦሎ አልፎ በቀጥታ ይወስዳል፤ ከአዲስ አበባ ያለው ርቀት 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፍል ውሃ አለው፣ ዛፍ አለው፣ አየሩም ለዘብ ያለ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ግዮን ተብሎ የተሰየመውና የቤተ መንግሥት ሰዎች የሚያርፉበት የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። በወገብና በጉልበት ሕመም ለሚቸገር፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚሸጥ ሰው ከዚህ የተሻለ በአቅራቢያ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቡራዩ በኩል ላሉት ደግሞ አምቦ አለች፤ በፊት ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው፣ ውሃዋም ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጠርሙስ የሚታሸግላት ናት። ከሁለቱ መካከል ያለው ወንጪ እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ስለሚጠጋና አቀበት ስላለው ልቡ ለደከመ ሰው አይመከርም።

ሶደሬ ከአዳማ ዝቅ ብሎ በአዋሽ ዳር የሚገኝ ሙቅ አገር ነው፤ ወንዶ ገነትም በሻሸመኔ በኩል እንዲሁ ለምለም ነው። የደጋ ብርድ አጥንቱን ለሚያመው ደስ ያሰኛሉ። ይሁን እንጂ እንዲህ ባለው ቆላማ ሥፍራ በተለይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ የወባ ትንኝ ስለሚኖር አጎበር ያለው ክፍል መጠየቅ ያሻል። አዋሽም አዞ ያለበት ወንዝ ነውና ዋናው በተሠራው ገንዳ ውስጥ ብቻ ይሁን።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። በጀርመን አገር ሰው ወደ ፍል ውሃ ከተማ የሚሄደው ሐኪም መርምሮ ሲያዝለት ነበር፤ የስንት ቀን፣ የስንት ደቂቃ ተብሎ ይጻፍለታል። በእኛ ዘንድ ግን ነጋዴው የሚጠይቀው ጓደኛውን ነው። ሙቅ ውሃ የደም ሥርን ያሰፋል፣ ግፊትን ይለውጣል፤ ስለዚህ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ብዙ ደቂቃ ሊዘፈቅ አይገባም፤ መጠጥ ጠጥቶ መግባትማ አደገኛ ነው። የስኳር በሽታ እግሩን ያደነዘዘው ሰው ውሃው ሲያቃጥለው አይሰማውምና በሌላ ሰው እጅ አስለክቶ ይግባ። ጠበል የሚሄደውም በሃይማኖቱ የሚያደርገው ነው፤ ሆኖም ኪኒኑን አያቋርጥ።

ገንዘቡ ለማይበቃው አነስተኛ ባለሱቅ፣ ከሰበታ ወዲያ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ይበቃዋል። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደ ተተከለ በሚነገርለት በዚያ የጽድ ጥላ ሥር ስንቁን ይዞ ግማሽ ቀን ቢራመድ፣ የማሳጅ ክፍያ ከሚያስገኘው ይልቅ እንቅልፍ ያገኛል።

ስለ ጊዜው ደግሞ፣ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ያለው የሂሳብ ወራት ነው፤ በመካከሉም የእንቁጣጣሽና የመስቀል ገበያ አለ። ለአብዛኛው ነጋዴ የሚመቸው ኅዳር ነው። የቅቤና የሥጋ ነጋዴ ግን ገበያው በሚቀዘቅዝበት በዐቢይ ጾም ቢሄድ ምንም አይጎዳም። ከመሄዱም በፊት ለአንድ የታመነ ሰው በውክልና የተወሰነ የፊርማ ሥልጣን ሰጥቶ ለባንኩ ያስታውቅ፤ የመጋዘኑ ቁልፍ በሁለት ሰው እጅ ይሁን፤ በጉዞ ላይ ያለ ዕቃ ካለም የሰነዱ ቅጂና የአስተላላፊው ስልክ ቁጥር በጽሕፈት ቤቱ ይቀመጥ። የራሱ ስልክ ተዘግቶ ይዋል፤ የዕለቱ ነገር ማታ 12 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ቢነገረው ይበቃል።