ቅጠል የሚሠራውና እስትንፋስ የሚፈታው

ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉባት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዙሪያዋ ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ ከአውስትራልያ የመጣው በእኒሁ ንጉሥ ዘመን፣ የማገዶ እጥረት በጸናበት ጊዜ ነበር። ከዚህ ተራራ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩትን እናቶች አንባቢዎቻችን ያውቋቸዋል።

ያ ሸክም ከምን ተሠራ ቢባል ብዙ ሰው «ከአፈር» ይላል። ነገር ግን አፈር የሚሰጠው ውሃና ጥቂት ማዕድን ሲሆን፣ የደረቀ እንጨት ክብደት አብዛኛው ከአየር የተገኘ ነው። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ኀይል ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ውሃን አዋሕዶ ስኳር ያበጃል፤ ኦክሲጅንም ይለቅቃል። ስኳሩ በባሕር ዛፉ እንጨት፣ በጤፉ ፍሬ ይሆናል። እኒያ እናት በማለዳ የበሉት እንጀራ በጡንቻቸው ውስጥ ከሚተነፍሱት ኦክሲጅን ጋር ተገናኝቶ ይህንኑ ሥራ መልሶ ይፈታዋል፤ ውሃውና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይመለሳሉ፣ ከፀሐይ የተገኘውም ኀይል ጉልበትና ሙቀት ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ በጀርባቸው ያለውም በእግራቸው ያለውም የቅጠል ሥራ ነው። (ከእንጦጦ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሲሶ ያህል ስለሚያንስ፣ አቀበቱን የወጣ እንግዳ ቢያለከልክ አይፈረድበትም።)

ቅጠልም ራሱ ቀንና ሌሊት ይተነፍሳል። ቀን የሚሠራው ከሚፈታው ስለሚበልጥ ኦክሲጅን ይተርፈዋል፤ ሲመሽ ሥራው ይቆማል፣ እስትንፋሱ ግን አይቆምም። ሆላንዳዊው ሐኪም ኢንገንሃውዝ ይህን እ.ኤ.አ. በ1779 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል።

ከዚህ የተነሣ «አበባ ሌሊት ከሕመምተኛ ክፍል ይውጣ» የሚሉ አሉ። አንድ ማሰሮ አበባ ሌሊቱን የሚወስደው ኦክሲጅን ግን አጠገቡ የተኛ ሕፃን ከሚወስደው እጅግ ያነሰ ነው። እኛን የሚያስደንቀን አበባውን በጥንቃቄ ያወጣ እጅ፣ ብርድ በርትቷል ብሎ ፍም የሞላበትን የከሰል ማንደጃ አስገብቶ በሩን መዝጋቱ ነው! ፍሙ የክፍሉን ኦክሲጅን ይሻማል፤ አየርም በበቂ ስለማይደርሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ስፍራ ይዞ ሰውን በእንቅልፉ ሳለ ይገድላል። ጭሱ አልቆ የቀላ ፍምም ቢሆን ያው ነውና ማንደጃው ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ። ከቤተ ሰቡ ራሱን ያመመው፣ ያቅለሸለሸው ወይም የዞረበት ቢኖር ሁሉም ፈጥነው ወደ ደጅ ይውጡ፤ ታማሚውም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ።