አንድ ብርጭቆ፥ ሁለት ማንኪያ

ባለፈው ዓርብ በምሳ ሰዓት አራት ኪሎ አጠገብ ወደሚገኝ አንድ ጁስ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። የሄድሁት ለቀጠሮ ነው፤ የቀጠረኝ ሰው ግን ቀረ። እኔም ብቻዬን መቀመጤ ካልቀረ ገቢና ወጪውን ልመልከት ብዬ ጥጌን ያዝሁ። ከዚያ ቀን በፊት «ጁስ ቤት የሚገባ ሰው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ቢሆን፥ «የጠማው ነዋ!» ብዬ በመለስሁ ነበር። ለካስ የጠማው ሰው የሚጠጣው ውሃ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ስመለከት ጠምቶት የገባ አንድም ሰው አላየሁም።

ነገሩ ከጁሱ ይጀምራል። በሌላው አገር ጁስ ማለት ከብርቱካን የተጨመቀ ቀጭን ውሃ ነው። የእኛው ግን ይፈጫል እንጂ አይጨመቅም። አቡካዶው፥ ማንጎው፥ ፓፓያው፥ ዘይቱኑ በየተራ በመፍጫ ይላግና በአንድ ብርጭቆ ውስጥ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደራል፤ ይኸው ስፕሪስ ይባላል። ላዩ ላይ ሎሚ ይጨመቅበታል፤ ለሚወድ ሰው ቪምቶ ጠብ ይደረግበታል። ከዚያ በኋላ የሚቀርበው ከማንኪያ ጋር ነው። በማንኪያ የሚበላ ነገር ደግሞ ስሙ መጠጥ ቢሆንም ግብሩ ምግብ ነው። መብራት የጠፋ ዕለት ግን መፍጫው ዝም ይላል፤ ጁስ ቤቱም ወዲያው ሻይ ቤት ይሆናል።

በመጀመሪያ ያየኋቸው ነጠላቸውን የደረቡ አንዲት እናት ናቸው። ጿሚ ናቸውና ሥጋና ቅቤ የለም፤ አቡካዶ ግን ቅባቱ ከራሱ ነው። ይህ ፍሬ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን፥ ወደ አገራችን በ1930 ዓ.ም. ገደማ ገብቶ በሐረርጌ በሂርናና በወንዶ ገነት እንደ ተተከለ ይነገራል። ያን ጊዜ የተከሉት ሰዎች የጿሚን ምሳ መትከላቸውን ያወቁ አይመስለኝም።

ቀጥሎ አንድ ጎልማሳ መጣ፤ ሳይቀመጥ «ክዳን ባለው ይሁንልኝ፥ ለበሽተኛ ነው» አለ። ከርሱ ኋላ አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ገቡ። ስፕሪስ አዘዙ፤ ቀለሙን ፎቶግራፍ አነሡና እስኪሞቅ ድረስ ሲነጋገሩ ቆዩ። እነርሱ የገዙት ጁሱን ሳይሆን መቀመጫውን ነው፤ አልፈርድባቸውም።

በመጨረሻ የገቡት ግን ልቤን ነኩት። የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ባንገታቸው ያንጠለጠሉ ሁለት ልጆች ናቸው። አንደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «አንድ አቡካዶ፥ ሁለት ማንኪያ» አለ። አሳላፊዋም ለምዳዋለችና ምንም አላለች። ሁለተኛው ግን ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ ብሎ፥ «ምሳማ በልተናል፤ ለማወራረጃ ያህል ነው» አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ቀኑ ሃያ አምስት ነበር፤ ደመወዝ ደግሞ ገና ነው።

እኔም ይህን ቋንቋ አውቀዋለሁ። ሥራ በያዝሁበት በመጀመሪያው ዓመት፥ ከወሩ አጋማሽ በኋላ ምሳችን ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በአንድ ብርጭቆ ነበር። ሽሮ ለመብላት የቸገረው ሰው ያሳዝናል፤ ጁስ የያዘ ሰው ግን የተዝናና ይመስላል። ስለዚህ ድህነታችንን በአቡካዶ ሸፍነን እንውል ነበር። አንድ ቀን ጓደኛዬ ማንኪያውን አስቀመጠና፥ «ዛሬ አላሰኘኝም፤ አንተ ጨርሰው» አለኝ። እኔም አመንሁትና እስከ ታችኛው ጠብታ ጠርጌ ጨረስሁት። ከብዙ ዓመት በኋላ በሠርጉ ዋዜማ ስንጫወት፥ ያን ዕለት ከትናንት ወዲያ ማታ ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰ እየሣቀ ነገረኝ። ጠዋት ቢሮ ስገባ ፊቴ ገርጥቶ አይቶኝ ኖሯል። እርሱ ሣቀ፤ እኔ ግን መሣቅ አልቻልሁም።

ስለዚህ ውድ አንባቢ ሆይ፥ ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያሰብሁትን ላካፍልህ። ጁስ ስታዝ «ያለ ስኳር» ማለትን ልመድ፤ የበሰለ ማንጎ ረዳት አያስፈልገውም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ከጭማቂ የሚገኘው ስኳር ጭምር ተቆጥሮ በቀን ከ50 ግራም ገደማ እንዳያልፍ፥ ቢቻልም ከ25 ግራም እንዲያንስ ይመክራል። 50 ግራም ማለት አሥራ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ለበሽተኛም ስትወስድ አስቀድመህ አስታማሚውን ጠይቅ፤ ሕመሙ የስኳር በሽታ ከሆነ ፍቅርህ ጉዳት እንዳይሆንበት። ኪስህ በሳሳ ጊዜ ደግሞ ከጁስ ቤቱ ደጃፍ ዘርግታ ከምትሸጠው ሴት አንድ የበሰለ አቡካዶ ገዝተህ ከዳቦ ጋር ብላ። ፍሬው ያው ነው፤ የቀረብህ ብርጭቆውና የመፍጫው ጩኸት ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ። ወሩ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ጓደኛህ ማንኪያውን አስቀምጦ «ዛሬ አላሰኘኝም» ቢልህ፥ እኔ እንዳመንሁት አትመነው። ማንኪያውን አንሣና መልሰህ በእጁ አስይዘው።