ዓድዋ ላይ የተገኘው መጥረቢያ

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲመጣ በፍላሽ አንድ ፊልም ይዞልኝ መጣ። «እምዬ፣ ዓድዋ ያለበት ነው» አለኝ። ዓድዋ ካለበትማ ብዬ መነጽሬን ፈለግሁ።

«አይስ ኦፍ ዋካንዳ» ይባላል። በ2010 ዓ.ም ከወጣው ከ«ብላክ ፓንተር» የተወለደ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም የተለቀቀ፣ አራት ክፍል ብቻ ያለው አኒሜሽን ነው። እኔ እናትየውን ፊልም አላየሁም። ሙሽራውንም ሙሽራዪቱንም የማላውቅበት ሠርግ ላይ የተቀመጥሁ ያህል፣ በየደቂቃው «ይሄ ደግሞ ማነው?» እያልሁ ልጁን አሰለቸሁት።

አራተኛው ክፍል 1888 ዓ.ም እኛ አገር ነው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። አሜሪካኖች የሠሩት ፊልም ላይ ዓድዋን ማየት ቀላል አይደለም። ልዑሉም ስሙ ተፈሪ! (እውነተኛው ተፈሪ በዚያ ጊዜ ገና አራት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበር።) ጦርነቱን ግን ቶሎ አለፉት። የእኛን የሰሜን ዘር እቴጌ ጣይቱን፣ ለተዋጊው ውኃ ያመላለሱትን ሴቶች እያሰብሁ ስጠብቅ፣ ነገሩ ሁሉ ስለ አንድ መጥረቢያ ሆነ።

የዋካንዳ ሰዎች ከአገራቸው የወጣውን መጥረቢያ ሊያስመልሱ ይመጣሉ። ያገኙታልም። ኋላ ከመጪው ዘመን አንዲት ተዋጊ መጥታ መልሱት ትላቸዋለች። መጥረቢያው በባዕድ እጅ ካልቀረ፣ ዋካንዳ በሯን ለዓለም አትከፍትም፣ ኋላም ትጠፋለች። በእናትየው ፊልም እንግሊዞች ሙዚየም ውስጥ ያለው ይኸው ነው አለኝ ልጁ።

እዚህ ላይ ሆዴ ቆረጠ።

ደረስጌ ማርያም እዚሁ ጃናሞራ ናት። ደጃዝማች ውቤ አሠሯት፣ በ1847 ዓ.ም ግን ቴዎድሮስ ነገሡባት። በ1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። ዝርፊያው በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጫነ። አሥራ አንድ ታቦት ዛሬም በብሪቲሽ ሙዚየም፣ ማንም ሳያያቸው ተዘግቶባቸው ተቀምጠዋል። የንጉሡ ጸጉር እንኳ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም ነው። ታዲያ «እዚያ መቅረቱ ለበጎ ነው» የሚል ታሪክ፣ ያውም በጥቁር ሕዝብ ጀግና አፍ?

«እምዬ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው። ደግሞ ያልመለሱት ወደው አይደለም፣ አገራቸውን ለማዳን ነው» አለኝ።

ልክ ሳይሆን አይቀርም። ልዑሉ መጥረቢያውን መልቀቅ እንዳቃተው ፊቱ ላይ ይታያል፤ የሣሉት ሰዎች ያን አልዘለሉትም። እኔም በሙያዬ አንዱን ለማዳን ሌላውን አካል የሚያስቆርጥ ነገር አይቻለሁ። ግን ቁረጡ የሚለው ሌላ፣ የሚቆረጥበት ሌላ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል።

ለፋሲካ ሲመጣ እናትየውን ፊልም ይዞልኝ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። ያን ሙዚየም ማየት እፈልጋለሁ።