ሞተሩ ራሱ ሲጠፋ የምንጣላው ከማን ጋር ነው?



እንደሚታወቀው ሰፈራችን ከቃሊቲ አስፋልት ገባ ብላ የምትገኝ በመሆኗ ከአባሎቻችን የብዙዎቹ እንጀራ ከከባድ መኪና ጋር የተያያዘ ነው። ሹፌሩ እዚህ ነው፣ ረዳቱ እዚህ፣ ጎማ የሚለጥፈው እዚህ፣ ለነሱ ቁርስ የምትሸጠውም እዚሁ። ስለሆነም «መኪና ከሰፈር ይውጣ» የሚለውን ሐሳብ እኛ በበኩላችን አንደግፈውም። መኪናው ሜዳ ላይ ካደረ ባትሪው አብሮት እንደማያድር ሁላችንም እናውቃለን።

ይሁን እንጂ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ አርባ ደቂቃ ሙሉ በሚኒሞ የሚያጉረመርም ሞተርም አንደግፍም። ባለፈው ስብሰባ ልጃቸው አስም ያለባት አንዲት እናት «መስኮት ብዘጋ እንታፈናለን፣ ብከፍት ጭሱ ይገባል፤ የቱን ላድርግ?» ብለው ሲጠይቁ አዳራሹ ዝም አለ። አንድ ሹፌር ወንድማችን ብቻ ብድግ ብሎ «እትዬ፣ እኔስ መች ወደድኩት፤ ባጠፋው ግን ማን ያስነሳልኛል?» አለ። ሰው ሳቀ። እኛ ግን ቃለ ጉባኤ ስንይዝ ይህችን ቃል አሰመርንባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅርቡ ወደ ሰፈራችን ከገቡት መኪኖች መካከል ሞተሩን በራሱ የሚያጠፋ አውቶማቲክ ያላቸው አሉ። መኪናው ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ ፔዳል ሳይነካ የተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ 5 ደቂቃ ከሞላው ዳሽቦርዱ ላይ መብራት አብርቶ ያስጠነቅቅና ሞተሩን ያጠፋዋል። ፔዳል ከተነካ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ያለ ከባድ የናፍጣ ሞተር ይህ እንዲኖረው፣ አለዚያም በሚኒሞ የሚያወጣው ጭስ እጅግ የቀነሰ መሆኑ እንዲመሰከርለት ተደንግጓል። የሠራው ሰው እንግዲህ ለሹፌር ጠላት ሆኖ አይደለም።

የኛ ሹፌሮች ምን አደረጉ? አንዱ ነዳጅ መስጫው ላይ ድንጋይ ጭኖ የሞተሩን ዙር ከፍ አደረገና አታለለው። ሌላው ኮምፒዩተር ይዞ የሚዞር ልጅ ጠርቶ ከነአካቴው አሰረዘው። ያውም ገንዘብ ከፍሎ!

እኛ መካኒክ አይደለንም፤ የተማርነውም እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሆኖም ሰምቶ ከመፍረድ አይቶ መፍረድ ይሻላል ብለን የሰፈራችንን መካኒክ ይዘን ሦስት ሌሊት በ10 ሰዓት ወጣን። ብርዱን አንነግራችሁም።

«ባጠፋው ማን ያስነሳልኛል» ያለው ወንድማችን መኪና ለካ የአየር ታንኩ ባዶውን ነው የሚያድረው። አየር ከሌለ ፍሬኑ አይለቅም፤ ፍሬኑ ካልለቀቀ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ እስኪሞላለት ይጠብቃል፣ ሳይሞላ 5 ደቂቃው ይደርሳል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ሰውየው ይራገማል፣ እንደገና ያስነሳል። መካኒኩ የሳሙና አረፋ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ቢቀባ አንደኛው ቱቦ ጋ አረፋው እንደ ጀበና ተንተከተከ። ቱቦው ተቀየረ። በማግስቱ አየሩ ሳይጎድል አደረ፤ ሹፌሩ በአራት ደቂቃ ውስጥ ከሰፈር ወጣ። ድንጋዩንም ረዳቱ ለጎማ ማገጃ ወሰደው።

እንግዲህ ይህን በሽታ ያመጣው አውቶማቲኩ ነው? በሽታው ድሮም ነበር። ሞተሩ ሳይጠፋ ስለሚቆይ ተሸፍኖ ነበር እንጂ። እኛ የምንለው ይህንኑ ነው፤ ማጥፊያውን ማሰረዝ ማለት ሕመም የሚናገረውን አፍ መዝጋት ማለት ነው።

የሁለተኛው መኪና ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ሹፌሩ «ይኸ ነገር ባትሪዬን ጨረሰው» ብሎ ይከሰናል። ጠጋ ብለን ብናይ ሞተሩ ራሱ ይጠፋል እንጂ ቁልፉ ራሱ አይዞርም። ሰውየው ሻይ ሊጠጣ ወርዶ፣ ሞተሩ ከኋላው ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተከፍቶ፣ መብራቱ ሲበላ ይቆያል። ሲመለስ ሞተሪኖው ጢቅ ብሎ ይቀራል። ቁልፉን ነቅሎ ቢወርድ ኖሮ ከማንም ጋር አይጣላም ነበር። «በሚኒሞ ባትሪ እሞላለሁ» የሚለውም ብዙ አያዋጣም፤ ዲናሞ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚሰጠው ትንሽ ነው።

ባለንብረቶች ደግሞ ይህን ሒሳብ ይስሙ። ከባድ መኪና በሚኒሞ በሰዓት 3 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይጠጣል። በየቀኑ 40 ደቂቃ ከቆመ 2 ሊትር ነው፤ በወር 25 ቀን ከሠራ 50 ሊትር። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እንዲነሳ መደረጉን ማስታወስ አያስፈልገንም። ለ50 ሊትር የሚወጣው ገንዘብ ቱቦ መግዣ ይሆናል። ጭሱንም ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መካከል መድቦታል። እኒያ እናት የተናገሩት ለመጨቃጨቅ አልነበረም።

«ሞተር መሞቅ አለበት» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ቆሞ ከሚሞቀው ይልቅ ቀስ ብሎ ሲነዳ ቶሎ ይሞቃል። «ቱርቦው መብረድ አለበት» ይባላል። ይህም እውነት ነው፤ ዳገት ጨርሶ ለመጣ መኪና ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ማጥፊያውም ያንኑ ያህል ይታገሣል።

በአንድ ነገር ግን ሹፌሮቹን አንወቅስም። ወደ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ጅቡቲ የደረሰ፣ ወይም ጋላፊ ላይ ሰልፍ የያዘ ሰው በዚያ ሐሩር ጋቢናው ውስጥ ልተኛ ሲል ሞተሩ በየ5 ደቂቃው ቢጠፋበት ምን ያድርግ? ማቀዝቀዣው ከሞተሩ ጋር ነው የሚሠራው። ያን ሹፌር በሰፈር ደንብ አንዳኘውም። ባለንብረቱ በባትሪ የሚሠራ ማራገቢያና ጠንካራ ባትሪ ይግዛለት፤ «ነዳጅ አባከንክ» ብሎ ከደመወዙ መቁረጥን ግን ያውቅበታል! ያላሟሉለትን ሰው መቅጣት ነውር ነው።

በመሆኑም ለመጪው እሁድ ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ፣ መኪኖች በሰፈራችን ማደራቸውን ይቀጥሉ፤ ማጥፊያ ያለው ማጥፊያውን አይንካ፣ ያሰረዘም ያስመልሰው፤ የሌለው ደግሞ ሰዓቱን እያየ ከ5 ደቂቃ አያሳልፍ የሚል ነው። የማይስማማ ካለ መጥቶ ይናገር፣ ይጻፍለታል።

ስብሰባው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። መካኒኩ ቀደም ብሎ ከ1 ሰዓት ጀምሮ አየር የሚያፈስ መኪና ለማየት ፈቃደኛ ሆኗል። ሳሙናና ባልዲ ከማኅበሩ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ